«ዲ ዲ» ከማለትሽ በፊት

ተይ፣ አታጥፊው! ላፕቶፑ አልተበላሸም። ጊት፣ ያ የኮድ ለውጥ መዝጋቢው፣ «ምን እንደቀየርሽ በአጭሩ ጻፊ» ብሎ ቪም የሚባለውን ጽሑፍ ማረሚያ ከፈተልሽ፤ አንቺ ደግሞ ዎርድ መስሎሽ መተየብ ጀመርሽ። እሱ ከተየብሽው ግማሹን ትእዛዝ ነው ብሎ ሠራበት፣ ግማሹን ጻፈው፣ አሁን መውጫው ጠፋሽ። አይዞሽ፣ ብቻሽን አይደለሽም። ስታክ ኦቨርፍሎው የሚባለው የፕሮግራመሮች መጠያየቂያ በ2017 እ.ኤ.አ. እንዳስታወቀው፣ «ከቪም እንዴት ልውጣ?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን ከ1 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ታይቷል።

ኢስኬፕ በይ። አንዴ ይበቃል፤ ደጋግመሽ ብትጫኚው ጢጥ ይልብሻል እንጂ የሚያጠፋው ነገር የለም። አሁን ኮሎን፣ ቀጥሎ ኪው፣ ቀጥሎ ቃለ አጋኖ፣ ከዚያ ኢንተር። ይኸው ወጣሽ። ቃለ አጋኖዋ «የጻፍኩት ቢቀርም ይቅር» ማለት ናት። የጻፍሽው የሚፈለግ ከሆነ ግን ከኮሎን በኋላ ደብሊው ኪው በይ፤ መዝግቦ ይወጣል። መውጫውን ያወቀ ሰው መግባት አይፈራም።

በይ ጠጋ በይልኝ፤ ባናውንም ወዲህ ሳቢው። መሐል ሜዳ ከ3000 ሜትር በላይ ተቀምጠሽ፣ ያውም በነሐሴ፣ ጣትሽ እንዴት አይደነዝዝ? ቪም ደግሞ ሥራው ሁሉ ከጣት ጋር ነው። ደብረ ብርሃን ተመልሰሽ ሦስተኛ ዓመት እስክትጀምሪ ማስገባትና መሰረዝን ብቻ በደንብ ካወቅሽልኝ ይበቃኛል። ሌላው ጌጥ ነው።

«ማውስ የሌለው ነገር ለምን እማራለሁ?» ላልሽው፣ ሥራ ስትይዢ የምትነኪው ኮምፒውተር ፊትሽ አይሆንም። እኔ አዲስ አበባ ቁጭ ብዬ የምጠብቃቸው ሰርቨሮች ስክሪንም ማውስም የላቸውም፤ የምገባባቸው በዚህች ጥቁር መስኮት ነው። እዚያ ውስጥ ዎርድ የሚባል የለም። ቪ ወይም ታናሹ ቪም ግን አብዛኛውን ጊዜ አይጠፋም። የዩኒክስ ዘሮች በጋራ የሚመሩበት ፖዚክስ የሚባል መስፈርት አለ፤ ቪ እዚያ ውስጥ በስሙ ተጽፏል። ስለዚህ የማን ሰርቨር ላይ ብትገቢ፣ የቱ አገር ቢሆን፣ እጅሽ የሚያውቀው ዕቃ ይጠብቅሻል።

ደግሞ የእኛ ኔትወርክ አለልሽ። ጉሙ ወርዶ ኔትወርኩ አንድ መስመር ሲሆን፣ ሩቅ ያለ ሰርቨር ላይ አንድ ፊደል ነክተሽ እስኪታይሽ ትጠብቂያለሽ። ቪ የተወለደው ለዚህ ዓይነቱ መስመር ነው ብልሽ ታምኚኛለሽ? ቢል ጆይ የሚባል የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ተማሪ በ1976 እ.ኤ.አ. ሲሠራው፣ በ300 ቦድ ሞደም እንኳ እንዲሠራ አስቦ ነው። 300 ቦድ ማለት በሰከንድ 30 ፊደል ገደማ ማሳለፍ ነው። የዚያን ዘመን ስክሪን 24 መስመር ነበረው፤ አንዱ መስመር 80 ፊደል ይይዛል። አስሊው፤ 1920 ፊደል። አንድ ስክሪን ለመሙላት ከ1 ደቂቃ በላይ ትጠብቂያለሽ። እንዲህ ባለ መስመር ላይ «ይህን መስመር ሰርዝልኝ» ለማለት ሁለት ፊደል ብቻ ቢላክ ይሻላል፤ ትእዛዞቹ ሁሉ ያጠሩት ለዚህ ነው። ከርሰሩን በኤች፣ በጄ፣ በኬና በኤል የምናንቀሳቅሰውም ቢል ጆይ በሚጠቀምበት ኤዲኤም 3ኤ ተርሚናል ላይ ቀስቶቹ የታተሙት በእነዚህ ፊደላት ላይ ስለነበር ነው። ኤች ወደ ግራ፣ ጄ ወደ ታች፣ ኬ ወደ ላይ፣ ኤል ወደ ቀኝ። በዚያ ኪቦርድ ኢስኬፕ አሁን ታብ ያለበት ቦታ ላይ ነበር፤ ለትንሽ ጣት ቅርብ። እኛ ጥግ ድረስ እንንጠራራለን።

አሁን እንጀምር። ቪም ብለሽ ቀጥሎ የፋይል ስም ስጪው፤ በእንግሊዝኛ ፊደል መንዝ በይው። የመለማመጃውን ጽሑፍ እኔ ቀድሜ ጽፌበታለሁ፤ ሆን ብዬ አበላሽቼዋለሁ።

መዝን ደጋ ነው።
ዓለም ከተማ የግሼ ከተማ ናት።
ራቤል የመርሐ ቤቴ ከተማ ናት።
ጓሳ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ አሉ
ሣሩ ዘንድሮ ተከፈተ።

አትሳቂ። መርሐ ቤቴዎች ይህን ቢያዩ ይቀየሙናል፤ ስለዚህ ቶሎ እናርመው።

መጀመሪያ የምትረጂልኝ፣ ስትገቢ ቪም ለመጻፍ ዝግጁ አይደለም። ትእዛዝ ለመቀበል ተዘጋጅቶ ነው የሚከፈተው። ኖርማል ሞድ ይሉታል፤ እያንዳንዱ ፊደል ትእዛዝ የሆነበት ሞድ ነው። ሰው የሚናደደው እዚህ ላይ ነው፤ «ጽሑፍ ማረሚያ ብለው መጻፍ የሚከለክል ምን ጉድ ነው?» ይላል። ግን ራስሽን ጠይቂ፦ ፋይል ከፍተሽ ከምትውይበት ሰዓት ስንቱን አዲስ ነገር ትጽፊያለሽ፣ ስንቱንስ የተጻፈውን ስታነቢ፣ ስታርሚ፣ ስታዛውሪ ታሳልፊያለሽ? ቪም ሁለተኛው ይበዛል ብሎ ገምቶ ነው የተሠራው፤ በእኔ ሥራ ትክክል ገምቷል።

ለመጻፍ መግቢያው ስድስት ነው፤ ልዩነቱ ከርሰሩን የት እንደሚያስቀምጥሽ ነው። አይ ብትይ ከርሰሩ ካለበት ፊደል በፊት ትጽፊያለሽ። ኤ ብትይ ከፊደሉ በኋላ። ትልቁ አይ መስመሩ መጀመሪያ ላይ ይወስድሻል፣ ትልቁ ኤ መስመሩ መጨረሻ ላይ። ኦ ከታች አዲስ መስመር ይከፍታል፣ ትልቁ ኦ ከላይ። አራተኛውን መስመር እዪው፤ «ውስጥ» የሚል ቃል ጎድሎታል፣ አራት ነጥብም የለውም። «ጭ» ላይ ሂጂ፣ አይ በይ፣ «ውስጥ» ብለሽ ስፔስ፣ ኢስኬፕ። አሁን ከርሰሩን በቀስት እየጎተትሽ ወደ መጨረሻ አትሂጂ! ትልቁ ኤ፣ አራት ነጥብ፣ ኢስኬፕ። ከዚያ ኦ በይና «ጅባራም አለ።» ብለሽ ጨምሪበት፤ ጓሳን ጠርተሽ ጅባራን ከረሳሽ ምኑን የመንዝ ልጅ ሆንሽ?

ታች ግራ ጥግ ላይ «ኢንሰርት» የሚል ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ወጥቶ አይተሻል? መጻፍ የምትችይው እሱ ሲኖር ብቻ ነው። ጽፈሽ እንደጨረስሽ ኢስኬፕ። ኢንሰርት ሞድ ውስጥ ቁጭ ብለሽ አታስቢ፤ ኖርማል ሆነሽ አስቢ፣ ገብተሽ ጻፊ፣ ውጪ።

ወደ መሰረዝ። ትንሹ ኤክስ ከርሰሩ ያለበትን አንድ ፊደል ያነሣል። እዚህ ላይ እኛ ከፈረንጆቹ ይልቅ ተመችቶናል። በላቲን ፊደል መንዝ አራት ኤክስ ይፈልጋል፤ በፊደላችን ሦስት። «ላ» ስትሰርዢ «ል»ም «አ»ም አብረው ነው የሚሄዱት፤ ዓይንሽ አንድ ያየውን ማሽኑም አንድ ነው ብሎ ይቆጥራል። አሁን የመጀመሪያው መስመር ላይ «መዝን» የሚለውን እዪልኝ። ምንም ሳትጽፊ አስተካክይው ብልሽስ? ከርሰሩን «ዝ» ላይ አድርጊ፤ ኤክስ፣ ቀጥሎ ፒ። አየሽ? ኤክስ «ዝ»ን አነሣው፤ ከርሰሩ «ን» ላይ አረፈ፤ ፒ ደግሞ ያነሣሽውን ከ«ን» በኋላ ተከለው። መንዝ! ሁለት ፊደል የተቀያየረበትን ቃል ሁሉ በዚህ ታቀኚዋለሽ። ለመስመርም እንደዚያው ነው፤ የመንዝን ማማ፣ ጌራ፣ ላሎ በየመስመሩ ጽፈሽ ላሎን ወደ ላይ ማድረስ ከፈለግሽ፣ ጌራ ላይ ቆመሽ ዲ ዲ፣ ከዚያ ፒ። ጌራ ከላሎ በታች ወረደ።

ከዚህ የምትገነዘቢው፣ ቪም የሰረዘውን አይጥለውም፤ ያስቀምጠዋል። ግን ፒ የሚሰጥሽ በመጨረሻ የሰረዝሽውን ነው። አንድ አንቀጽ ለማዛወር አንሥተሽ፣ መንገድ ላይ አንድ ትርፍ ፊደል በኤክስ ብታጠፊ፣ ፒ ስትይ አንቀጹ ሳይሆን ያቺ አንድ ፊደል ትመጣልሻለች። ያነሣሽውን መጀመሪያ አስቀምጪ፣ ከዚያ ሌላ ንኪ።

አሁን ዋናው ላይ ደረስን። ዲ ብቻዋን ምንም አታደርግም፤ ንኪያት እስቲ። አየሽ፣ ትጠብቅሻለች። «እስከ የት ልሰርዝ?» እያለችሽ ነው። ዲ ደብሊው ብትይ እስከሚቀጥለው ቃል መጀመሪያ፤ ዲ ኢ ብትይ እስከ ቃሉ መጨረሻ፤ ዲ ዜሮ እስከ መስመሩ መጀመሪያ፤ ዲ እና የዶላር ምልክት እስከ መስመሩ መጨረሻ፤ እሷን ለማሳጠር ትልቁ ዲ ብቻዋን ትበቃለች። ዲ ዲ መላውን መስመር። ቁጥር ብታስቀድሚ ያባዛዋል፤ 3 ዲ ዲ ሦስት መስመር ነው። ሁሉንም አትሸምድጂ፤ ሥሪቱን ያዢ፦ ምን ላድርግ፣ እስከ የት። ዲን አውጥተሽ በቦታዋ ሲ ብታስገቢ ሰርዞ ለመጻፍ ዝግጁ ያደርግሻል።

እስቲ ሁለተኛውን መስመር። «የግሼ» ላይ ቁሚ፤ ሲ ደብሊው፤ «የመርሐ ቤቴ» ብለሽ ጻፊ፤ ኢስኬፕ። ሦስተኛው ላይ ደግሞ ማውጣት ያለብሽ ሁለት ቃል ነው፤ «የመርሐ» ላይ ቆመሽ ሲ 2 ደብሊው፣ «የግሼ»፣ ኢስኬፕ። ዓለም ከተማ ወደ መርሐ ቤቴ፣ ራቤልም ወደ ግሼ ተመለሱ፤ ታረቅን።

አንቺ ግን ሳይሽ ምን ልታደርጊ ነበር? ዲ ዲ ብለሽ መስመሩን ጠራርገሽ እንደገና ልትጽፊው! ይህን ጠባይ ዛሬውኑ ተይልኝ። ዲ ዲ መጀመሪያ የሚለመድ ትእዛዝ ስለሆነ እጅ ሁሉን በእሱ መጨረስ ይወዳል። የልምምድ ዓረፍተ ነገር ሲሆን ጉዳት የለውም። የሰርቨር ማዋቀሪያ ፋይል ሲሆን ግን፣ አንድ ቃል ለማረም መላውን መስመር ስትጽፊ ትክክል የነበረውን ሌላ ቃል ታበላሻለሽ፤ አንድ ኮማ ትዘነጊያለሽ፤ አገልግሎቱ አልነሣም ይላል፤ አንቺም ያረምሽውን ቃል ደጋግመሽ እያየሽ «ይኼማ ትክክል ነው» ትያለሽ። ስሕተቱ ያልነካሽው በመሰለሽ ቦታ ነው። ፊደል ከበቃ ፊደል፣ ቃል ከበቃ ቃል ሰርዢ። ዲ ዲ መስመሩ በሙሉ አላስፈላጊ ሲሆን ብቻ።

ሌላ የምነግርሽ፣ ይህን የፈረንጅ መጽሐፍ አይጽፍልሽም፤ ለአማርኛ ጸሐፊ ነው። አማርኛ ጽፈሽ ኢስኬፕ ብለሽ ዲ ዲ ስትይ ምን ሆነ? ምንም። ጢጥ አለ። ለምን? ኪቦርዱ አማርኛ ላይ ስለሆነ ለቪም የደረሰው ዲ ሳይሆን «ድ» ነው፤ «ድ» የሚባል ትእዛዝ ደግሞ አያውቅም። ኢስኬፕ ኢንሰርት ሞድን እንጂ ኪቦርዱን አይቀይርም። ስለዚህ ሁለቱን አንድ ላይ ልመጂ፦ ኢስኬፕ፣ ከዚያ ወዲያው ቋንቋ መቀየሪያው። ኡቡንቱሽ ላይ የዊንዶውስ አርማ ያለበት ቁልፍና ስፔስ ነው። ልጻፍ ስትይ ደግሞ በተቃራኒው፤ መጀመሪያ አይ፣ ቀጥሎ አማርኛ። ያናድዳል፤ አልዋሽሽም። አንድ በጎ ነገር ግን አለው። ኖርማል ሞድ ላይ መሆንሽን ረስተሽ በእንግሊዝኛ ብትተይቢ ፊደሉ ሁሉ ትእዛዝ ሆኖ ፋይሉን ይበጠብጠዋል፤ በአማርኛ ብትተይቢ ግን ከመጮኽ በቀር የሚያደርገው የለም።

መቀያየሩ ሲሰለችሽ የምጠቀምበትን ልንገርሽ። ኢንሰርት ሞድ ውስጥ እንዳለሽ፣ ኪቦርዱም አማርኛ እንደሆነ፣ ኮንትሮልና ደብሊው ተጫኚ፤ ከርሰሩ ኋላ ያለውን አንድ ቃል ይሰርዛል። ኮንትሮልና ዩ ደግሞ እስከ መስመሩ መጀመሪያ። ከኮንትሮል ጋር የተጫንሽው ፊደል አማርኛ ስለማይሆን ይሠራል። ብቻ ልማድ አድርገሽው ብራውዘር ላይ ኮንትሮል ደብሊው እንዳትይ፤ ገጹን ነው የሚዘጋብሽ። ቅጽ ሞልተሽ ልትልኪ ስትይ ቢዘጋ በእኔ አትፍረጂ።

ሁለተኛው የአማርኛ ጣጣ አር ነው። አር ከርሰሩ ያለበትን አንድ ፊደል በሌላ ይተካል፤ ለእንግሊዝኛ ግሩም ነው። የእኛ ፊደል ግን ብዙ ጊዜ በሁለት ቁልፍ ነው የሚመጣው፤ መጀመሪያ «ል» ይመጣና ኤ ሲነካ «ላ» ይሆናል። አንዳንዱ ኪቦርድ ፊደሉ እስኪያልቅ ይዞ ይቆይና አንድ ጊዜ ይሰጠዋል፤ ያኔ ችግር የለም። አንዳንዱ ግን «ል»ን ወዲያው ይልከዋል፤ አርም «ተካሁ» ብሎ ይጨርሳል፤ ተከትሎ የሚመጣው ቁልፍ ትእዛዝ ሆኖ ያርፋል። ኪቦርድሽ የትኛው እንደሆነ ከመመራመር አርን ለእንግሊዝኛ ተዪለትና ለአማርኛ ኤስ በይ። ኤስ ፊደሉን ሰርዞ ኢንሰርት ሞድ ውስጥ ያስገባሽና የፈለግሽውን ያህል ቁልፍ ነክተሽ ትጽፊያለሽ። «መርሃ»ን «መርሐ» ለማድረግ «ሃ» ላይ ኤስ፣ «ሐ»፣ ኢስኬፕ።

ሥርዓተ ነጥባችንን በተመለከተ ቪም ግማሽ አስተዋይ ነው። አራት ነጥብንና ነጠላ ሰረዝን ከቃል ለይቶ ያውቃቸዋል፤ ስለዚህ የመጨረሻው ቃል ላይ ዲ ደብሊው ብትይ ቃሉን ወስዶ አራት ነጥቡን ይተውልሻል። ዓረፍተ ነገር የት እንደሚያልቅ ግን አያውቅም። ለእሱ ዓረፍተ ነገር የሚዘጋው በፈረንጅ ነጥብ፣ በጥያቄ ምልክት ወይም በቃለ አጋኖ ነው። «እስከ ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ሰርዝ» የሚለውን ትእዛዝ በአማርኛ አንቀጽ ላይ ብትሰጪው አራት ነጥቡን አልፎ ይሄድና አንቀጹን ሊውጠው ይችላል። መላው ይኸውልሽ፦ ዲ፣ ስላሽ፣ አራት ነጥብ፣ ኢንተር። እስከሚቀጥለው አራት ነጥብ ይሰርዛል፤ ነጥቡን ራሱን አይነካም።

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ሆን ብዬ አቆይቻታለሁ። «ሣሩ ዘንድሮ ተከፈተ።» ጓሳ እንዴት እንደኖረ ታውቂያለሽ፤ ሣሩ ለዓመታት ተከልክሎ ሲደርስ ነው ለአጨዳ የሚከፈተው። እንግዲህ ዘንድሮ አልተከፈተም እንበል። በእንግሊዝኛ ቢሆን አንዲት አፍራሽ ቃል መሐል ሰክተሽ በተገላገልሽ። አማርኛ ግን ማፍረሻውን ከግሡ ራስም ከግሡ ጭራም ላይ ያደርጋል። ስለዚህ ሁለት ቦታ ማስገባት አለብሽ፦ ግሡ መጀመሪያ ላይ አይ፣ «አል»፣ ኢስኬፕ፤ ከዚያ ኢ በይ፣ ወደ ቃሉ መጨረሻ ይወስድሻል፤ ኤ፣ «ም»፣ ኢስኬፕ። አልተከፈተም። ወደ «ተከፈተ» ስትመልሺው ደግሞ በተቃራኒው፤ 2 ኤክስ ብለሽ «አል»ን ካነሣሽ በኋላ ኢ ብለሽ «ም»ንም በኤክስ ማንሣት አለብሽ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ራሱን አንሥቶ ጭራውን ይረሳል፤ «ተከፈተም» የሚል ይቀራል፤ አንባቢም ተከፈተ ይሁን አልተከፈተ ይቸገራል። ደብዳቤ ላይ ቢሆን ያጣላል። እንዲህ ባለው ቃል፣ ከድምፁም የሚቀየር ካለ፣ ለምሳሌ «ይከፈታል»ን «አይከፈትም» ስታደርጊ፣ ጭራና ራስ መልቀም ትተሽ በሲ ደብሊው መላውን ቃል ቀይሪው። ቃል ከበቃ ቃል ያልኩሽ እንዲህ ያለው ቦታ ላይ ነው።

ትእዛዙ አልዋጥልሽ ካለ አንድ ነገር ልጠቁምሽ። ቪም ግሡን ያስቀድማል፦ ሰርዝ፣ ከዚያ እስከ የት። እኛ ደግሞ ግሡን መጨረሻ ላይ ነው የምናሳርፈው። ለኛ ንግግር የሚስማማ መንገድም አለው፤ ቪ የምትለዋን ፊደል ተጫኚ፣ ከርሰሩን እየገፋሽ የምትፈልጊውን አቅልሚ፣ በመጨረሻ ዲ። ይህን ያህል፣ ሰርዝ። የቪም ሊቃውንት ይቺን ሲያዩ አፍንጫቸውን ይነፋሉ፤ ቁልፍ አባከንሽ ነው የሚሉት። እኔ ግን የሌላ ሰው ፋይል ስነካ ሁልጊዜ በእሷ ነው የምሠራው፤ ምን ሊሄድ እንደሆነ ሳይሄድ አየዋለሁ።

ከሰረዝሽ በኋላ ቢቆጭሽ ዩ አለልሽ። የብራና ጸሐፊ ስሕተቱን በቢላ ፍቆ ያነሣል፣ የዘለለውን ከመስመሩ በላይ በደቃቅ ፊደል ያስገባል፤ ትክክለኛውን ከፋቀ ግን መልሱልኝ የሚለው የለም። አንቺ ዩ ትያለሽ። ደጋግመሽ ብትያት ደጋግማ ወደ ኋላ ትመልስሻለች፤ ከመጠን በላይ ከተመለስሽ ኮንትሮልና አር ወደ ፊት ያመጣሻል። በጣም አሮጌ ቪ ላይ ግን ዩ አንድ እርምጃ ብቻ ነው፤ ሁለተኛዋ ዩ የመጀመሪያዋን ዩ ትሽራለች። አትደንግጪ። አሮጌ ሰርቨር ላይ ባክስፔስም ይለግማል፤ አሁን የጻፍሽውን እንጂ ቀድሞ የነበረውን አልሰርዝም ሊል ይችላል። ኢስኬፕ ብለሽ በኤክስ ጨርሺ። ኖርማል ሞድ ላይ ባክስፔስ ራሱ ወደ ግራ መሄጃ ብቻ ነው፤ ብትደበድቢውም አይሰርዝም።

ነጥብን ደግሞ አትርሺ፤ ተራ የእንግሊዝኛ ነጥብ። የመጨረሻውን ለውጥ ይደግማል። ሃያ ቦታ ላይ «የግሼ»ን ብትቀይሪ አንዱን በሲ ደብሊው ሠርተሽ ቀሪዎቹ ላይ ሄደሽ ነጥብ፣ ነጥብ፣ ነጥብ። አማርኛውንም ራሱ ይጽፍልሻል፤ ኪቦርዱ እንግሊዝኛ ላይ ቢሆንም ግድ የለውም።

ይቺ ባዶ ቪም ስትከፍቺ የምታነቢያት የኡጋንዳ ነገር ምንድን ናት ብለሽ ነበር። ብራም ሙሌናር የሚባል ሆላንዳዊ ቪምን በ1991 እ.ኤ.አ. አውጥቶ በነፃ ሰጠ፤ በኋላም ለኔ የምትከፍሉት ካላችሁ ኡጋንዳ ኪባሌ ላሉ ሕፃናት ስጡልኝ አለ። እዚያው ኪባሌ ሄዶ በውኃና በንጽሕና ሥራ አገልግሏል። በ2023 እ.ኤ.አ. ዐረፈ። ሶፍትዌሩን ሌሎች ይዘውታል።

ሰርቨር ላይ የአማርኛ ፋይል ስትከፍቺ ፊደሉ በሙሉ የማይነበብ ጉራማይሌ ሆኖ ከታየሽ ምንም አትሰርዢ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ከ1999 እ.ኤ.አ. ወዲህ ብዙው ማሽን ያውቀዋል፤ ግን ዩቲኤፍ 8 ላይ አንዱ ፊደላችን ሦስት ባይት ይወስዳል። ማሽኑ በሌላ አነባበብ ከተዘጋጀ ሦስቱን ባይት ሦስት የማይገናኙ ምልክቶች አድርጎ ያሳይሻል። ያኔ ኤክስ ብትይ የ«መ»ን ሲሶ ነው የምትቆርጪው፤ የቀረው ሁለት ሲሶ ፊደል አይሆንም። በኪው ቃለ አጋኖ ውጪ፣ የማሽኑን የቋንቋ መቼት ዩቲኤፍ 8 አድርጊ፣ ከዚያ ተመለሽ።

መብራቱ ብልጭ አለ፤ ይሄድብናል መሰለኝ። ባትሪሽም ደካማ ነው። ይህን ደግሞ ስሚኝ፣ ምክንያቱም እዚህ አገር ያስፈልግሻል። ቪም የምትሠሪውን በጎን በአንድ ድብቅ ፋይል ላይ ያስቀምጣል፤ ስሙ በነጥብ ይጀምርና በኤስ ደብሊው ፒ ያልቃል። 200 ፊደል ስትጽፊ ወይም 4 ሰከንድ እጅሽን ስታሳርፊ ያድሰዋል። መብራት ቢሄድ፣ ወይም ከሰርቨሩ ጋር ያገናኘሽ መስመር ቢበጠስ፣ ኮሎን ደብሊው ሳትይ የቀረ ሥራሽ አብዛኛው እዚያ አለ። ፋይሉን እንደገና ስትከፍቺ ቪም ረጅም ማስጠንቀቂያ ያወጣል። ተማሪው ሁሉ ፈርቶ ኢ ብሎ ያልፈዋል፤ ኢ ማለት «ዝም ብለህ ክፈተው» ነው፤ አሮጌውን ይከፍትልሻል። አንቺ አር በይ፤ የተረፈውን ያወጣዋል። አንብቢው፣ ትክክል ከሆነ ኮሎን ደብሊው ብለሽ መዝግቢው፣ ውጪና እንደገና ክፈቺው። ማስጠንቀቂያው አሁንም ይመጣል፤ በዚህኛው ጊዜ ዲ በይ፤ ድብቁን ፋይል ያጠፋዋል። ካላጠፋሽው ነገም ከነገ ወዲያም ይጠይቅሻል።